የላባው መኝታ እንዳይርስ

ልጄ የአብስራ፣ እንደ ስልቻ የሚገቡበትን የላባ መኝታዬን ሰርቀኸኛል። ኅዳር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በማለዳ ከግድግዳው ኩላብ አውርደህ፣ ሳታስፈቅደኝና ሳትሰናበተኝ፣ በበሬዎቹ ጋጥ በኩል ወጥተህ ሄደሃል። አባት ልጁን በዚህ ስም መጥራት አይወድም፤ ነገር ግን ለነገሩ ሌላ ስም ፈልጌ አላገኘሁለትም። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ሰላምታዬ ቂም የደበቀ ሰው ሰላምታ እንዳይመስልህ ነው። እጁ የቆሰለ ሰው ቁስሉን አሳይቶ ነው የሚጨብጥ።

እንግዲህ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን አለህ? እንደምን ሰነበትህ? ክረምቱን እንዴት ወጣኸው? እህሉ ተስማምቶሃል? ውኃውስ? ከአገሩ ሰው ጋር ትግባባለህ? ቋንቋቸውን ለመድህ ወይስ እስከ ዛሬ በእጅህ ታወራለህ? ደረትህስ እንዴት ነው? ደረትህን ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ሀቢብ «ይስላል» ብሎኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ከሚይዛት በቀር ደህና ናት። የእኔ ዓይን የሩቁን ዛፍ እየለየ የቅርቡን ፊደል መለየት ትቷል፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢገዝፍብህ ከእርጅና ነው፣ የተቆጣሁ እንዳይመስልህ።

ለምን አልደወለም ብለህ እንዳታማኝ። እህትህ ሰብሌ በስልኬ ላገናኝዎ ብላ ሦስት ጊዜ ለምናኛለች። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ አምስት ቀን ይጠፋል። ቢኖርም አልወደውም። በስልክ የተናገሩትን ሰው መልሶ አያየውም፤ «እንዲህ ብለሃል፣ አላልሁም» ይመጣል። እኔ ፊደል የለየሁት በእርዳታ ዱቄት ጆንያ ላይ የታተመውን ቃል እያሳየሁ መንገደኛውን ሁሉ «ይህ ማን ይባላል?» እያልሁ ነው። እንደዚያ የለፋሁበትን ነገር ለቁም ነገር ካልሆነ ለምን አዋለው?

ሀቢብን ታውቀዋለህ፤ የጭነት መኪና የሚነዳውን፣ የዙልፋን ባል። በመስከረም መጨረሻ ብልባላ ገበያ ላይ በቅሎዋን ጭኜ ስመለስ ከኋላዬ ጠራኝ። «አያ ገብሬ፣ ከባሌ ያመጣሁት አደራ አለብኝ። ሳይቆጡ ይሰሙኛል?» አለኝ። «የማያስቆጣ ቢሆን ለምን ታስፈቅደኛለህ?» አልሁት። ሳቀና «ወላሂ፣ ከእርስዎ ጋር ከመነጋገር ፍሬን የበጠሰ መኪና ቁልቁለት ላይ መንዳት ይቀላል» አለ። ቀጠለና ዲንሾ ላይ ሻይ ሊጠጣ ቆሞ ሲያወራ አነጋገሩን ሰምተህ «የእኛ አገር ሰው!» ብለህ እንደ ተጠመጠምህበት፣ ጢም እንዳበቀልህ፣ እንደ ከሳህ፣ ተራራ ከሚወጡ እንግዶች ጋር ድንኳን እየተከልህ እንደምትኖር ነገረኝ። ለእኔ እንዲነግር የሰጠኸውንም ቃል እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞት ነበር። «ለአባቴ ንገርልኝ። የላባው መኝታ በእጄ ተበላሸ። ዝናብ አስነካሁት። በእግር በኩል ላባው ተቋጥሮ እንደ ጭብጦ ሆኗል፣ ከጉልበቴ በታች አያሞቀኝም። እንደ ነበረ ሳላደርገው የአባቴን ደጅ አልረግጥም፤ ይህን ምያለሁ። እንዴት እንደሚድን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ጠይቅልኝ» ብለሃል።

ሦስት ዓመት ዝም ብለህ ከአፍህ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሀቢብ «በእግር በኩል» ሲለኝ የበቅሎዋን ኮርቻ ይዤ ቆምሁ። ለምን እንደ ቆምሁ ከታች እጽፈዋለሁ፤ አልሸሽም። አስቀድሞ ግን የጠየቅኸውን ልመልስልህ። መድኃኒት የጠየቀ ሰው በቅድሚያ መድኃኒቱን ይቀበል።

ዝናብ አስነካሁት ብለሃል። ዝናብ ብቻ አይመስለኝም። ዝናብ ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ሰውም ይሸሸዋል። መኝታህን የሚያረጥበው ከሁሉ በፊት የገዛ እስትንፋስህ ነው። የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጣሪያ ደረቅ ዓለት መስሎ ሳለ ጠብ ጠብ ሲል አይተሃል። የድንኳን ጣሪያም እንደዚያው ነው፤ ብቻ ያኛው ጠበል ነው፣ ይህኛው የሰው ትንፋሽ ነው። መኝታውን የሰጠኝ ያ ሽማግሌ እንግዳ በ2009 ዓ.ም. አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አምስት ቀን ሲሰነብት በየማለዳው የድንኳኑን ውስጥ በጨርቅ ሲያብስ፣ አንተ «ሰውዬው ድንኳኑን ፊቱን ያጥበዋል» ብለህ በሳቅ ሞትህ። እኔም ስቄ ነበር። ኋላ ስጠይቀው ጨርቁን ጨምቆ ከአንድ ሲኒ የማያንስ ውኃ አሳየኝ። ያን ሁሉ የተነፈሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና የድንኳኑን በር ሙሉ በሙሉ አትዝጋው። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተውለትና ትንፋሽህ ይውጣ። ፊትህን በመኝታው ውስጥ አትቅበር። ይበርደኛል ካልህ ራስህን በጋቢ ጠቅልል፣ ቆብ አድርግ፣ አፍና አፍንጫህ ግን ከውጭ ይሁኑ። እርጥብ ካልሲ ደረቴ ላይ ይድረቅልኝ ብለህ ይዘህ አትግባ፤ እሱ ሲደርቅ ላባው ይጠጣዋል። መኝታው የድንኳኑን ግድግዳ አይንካ። ግድግዳው ጤዛ ነው፣ ላባም ጤዛን እንደ ጥጥ ነው የሚስበው።

ቦታ ስትመርጥ ደግሞ እንግዶቹን አትስማቸው። እንግዳ ሁሉ ወንዝ ዳር፣ ለምለም መስክ ላይ ማደር ይወዳል፤ ያምራላ። ቅዝቃዜ ግን እንደ ከብት ነው፣ ሲመሽ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ጉሙም ይከተለዋል። አንተ ውኃህን ቅዳና ወደ ተረተሩ ትከሻ ከፍ በል፤ ነፋስ ትንሽ ትንሽ የሚያልፍበት፣ የማለዳ ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘው ቦታ ትከል። «ሩቅ ነው፣ ደከመን» ቢሉህ ይድከሙ። ጠዋት ያመሰግኑሃል። ባያመሰግኑህም ደርቀህ ታድራለህ።

ከበታችህ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ስፖንጅ አንጥፍ። ሰው ሰማዩን ሲፈራ ምድሪቱ ከሥሩ ታረጥበዋለች። ላስቲኩ ከድንኳኑ ወለል አልፎ አይውጣ፤ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ሆድህ ሥር ይሰበስብልሃል። ይህን እኔ ራሴ አጥፍቼ የተማርሁት ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ስትጓዝ መኝታውን በማዳበሪያ ጆንያ የውስጥ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው። አስቀድመህ ላስቲኩን ነፍተህ ወደ ጉንጭህ አስጠጋው፤ ቀዳዳ ካለው ነፋሱ ይነግርሃል። አፉን ጠምዝዝ፣ መልሰህ እጠፍ፣ ከዚያ እሰር፤ ቋጠሮ ብቻውን ውኃ አያቆምም። በቅሎ ወይም ፈረስ ላይ ስትጭን ከሁሉ በላይ ይቀመጥ፣ በጎን አይንጠልጠል። የእኛዋ በቅሎ በጭነቷ ወንዝ መካከል የተኛችበትን ቀን አትረሳውም። ካህኑን የሰደብሁትም ያን ቀን ነው፤ ዳር ቆመው «እግዜር ያጥናህ» ሲሉኝ።

ጠዋት ሥራህ ይህ ነው። ሻይ ከመፍላቱ በፊት መኝታውን ገልብጠህ ውስጡን ወደ ውጭ አድርግና አስታ ቁጥቋጦ ላይ ዘርጋው። ፀሐይ ከሌለ ነፋስ ይበቃዋል። ጉም ከሆነ ግን አትዘርጋው፤ ጉም ውስጥ የተዘረጋ ላባ ከተኛህበት የባሰ ይረጥባል። በዚያን ቀን ጠቅልለህ ያዘውና ቀትር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ጉዞውን አስቁም። «ምን ሆንን?» ቢሉህ «ላባ ላሰጣ ነው» በላቸው። ይሳቁብህ። የሰው ሳቅ አያበርድም።

ወደ እሳት አታስጠጋው፣ በጭስም አትስቀለው። በእኛ ቤት ዘር የሚሆነው የእህል ዛላ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል፣ ነቀዝም አይደፍረውም፤ ያንን አይተህ ላባውንም እንዲሁ ላድርግ እንዳትል። ጨርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። በማትጓዝበትም ጊዜ በጠባቡ የጉዞ ከረጢቱ ጠቅጥቀህ አታኑረው። ሰፊ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ላላ አድርገህ ስቀለው፤ ላባ ካልተነፈሰ ይሞታል። እኛ የምንለብሰው ባና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የበግ ጠጉር ርሶም ያሞቃል። ላባ ግን ሲደርቅ ንጉሥ ነው፣ ሲርስ ሬሳ ነው።

አሁን ወደ ተቋጠረው ልምጣ። በሰፊ ገንዳ ለብ ያለ ውኃ አድርግ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨምር፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን። በመዳፍህ ተጫነው እንጂ አትሸው። አረፋው እስኪጠፋ አምስት ስድስት ጊዜ ውኃ ለውጥለት። አትጭመቀው፤ ውኃው በራሱ ክብደት ይንጠፍጠፍ። ስታነሣውም ከሥር በሁለት ክንድህ ታቀፈው፤ ባንድ ጫፍ ካንጠለጠልኸው ስፌቱ በውስጥ ይበጠሳል። ጥላ ባለበት ነፋስ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ። በየሰዓቱ ቋጠሮውን በጣትህ ፈልገህ፣ እናትህ ለባና የሚሆነውን ጠጉር እንደምትባዝት፣ ቀስ ብለህ አላቀው። ትዕግሥት የለህም፤ ከየት እንደ ወረስኸው አውቃለሁ። ቢሆንም ሞክር። ይህን ሁሉ አድርገህ የእግሩ በኩል ካልተነፋ ራስህን አትውቀስ። የማይድን ሊሆን ይችላል።

የማይድን ሊሆን ይችላል ያልሁት ኮርቻውን ይዤ በቆምሁበት ምክንያት ነው፤ እሱን እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው።

ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። አንተ ከመውሰድህ በፊት ነበረ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

በ2014 ዓ.ም. በሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እናትህ ገበያ ሄዳ ነበር። ስልቻና አቅማዳ ከክረምት በፊት ቅቤ እንደሚቀባ ታውቃለህ። አባቴ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ እሱም ከአባቱ አይቷል፤ ቆዳ ቅቤ ከጠገበ ውኃ አያስገባም። የላባውን መኝታ ሳየው ጨርቁ ሳስቶ ታየኝና አዘንሁለት። ከእናትህ ቅል ለጋ ቅቤ አወጣሁ፤ ፀሐይ ላይ አለዝቤ ከእግርጌው ጀምሬ በመዳፌ አሸሁት። ወደ ጉልበቱ ስደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ባየው ቅቤው ከላይ የለም። ሰምጧል። ላባው ጠጥቶታል። ያ ሽማግሌ ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ ቅቤ አትቀባው ግን አላለኝም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ከየት ያስብ?

ደንግጬ ወንዝ ወረድሁና ቅቤ የነካውን ወገን በእንዶድ አጠብሁት። እንዶድ የጋቢ እድፍ ያስለቅቃል፣ ቅቤውንም አስለቀቀ። ላባው በተፈጥሮ ያለውን ወዝም አብሮ አስለቀቀ። ከዚያ ጠምዝዤ ጨመቅሁት፤ አትጭመቅ ያልሁህን ሁሉ እኔ አድርጌዋለሁ። ሲደርቅ ከጉልበት በላይ እንደ ድሮው ነበር፣ ከዚያ በታች ግን ኮርቻ ሥር እንደ ሰነበተ ሣር ሆነ። ደህናውን ወገን ወደ ውጭ አድርጌ አጠፍሁና ኩላቡ ላይ ሰቀልሁት። እናትህ ተመልሳ ቅሉ ጎድሎ ስታገኘው ድመቷን በመጥረጊያ ከቤት አሳደደቻት። እኔ ደጅ ተቀምጬ ድመቷ ስትሮጥ አየሁ።

ዓመቱ ተለውጦ፣ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር፣ መጥተህ «አባባ፣ ባሌ ሄጄ ልሠራ ነው፤ የራሱ መኝታ የሌለው አይቀጠርም አሉኝ፣ የላባውን ያውሱኝ» አልኸኝ። በጎረቤታችን በአሰለች ፊት «ላባ የሚገባው ተራራ ለወጣ ሰው ነው፤ አንተ ገና ከምድጃ ሥር አልተነሣህም» አልሁህ። አሰለች ሳቀች። አንተ አልሳቅህም። ንፉግ ሆኜ የከለከልሁህ መስሎህ ይሆናል። ብሰጥህ ኖሮ እዚያው ዘርግተህ ታየው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንግዳ ተራራ ሲያወጣ የኖረ ሰው ላባ ቅቤ መቀባቱን ልጁ ያውቅ ነበር። ያን ፈራሁ። ያን እንዳታይ አዋረድሁህ።

ስትሄድ ደግሞ ቀለለኝ። ሌባ ካለ ቅቤ ቀቢን የሚጠይቅ የለም። «የሌባ አባት አይደለሁም» አልሁና ስምህ በዚህ ቤት እንዳይነሣ ከለከልሁ። ሰው ሁሉ እውነት አለው ብሎ አዘነልኝ፤ እኔም ሐዘናቸውን ተቀበልሁ።

ሀቢብ የነገረኝን ይዤ ቤት ስገባ ለእናትህ ሁሉንም ነገርኋት። ጠጉር እየባዘተች ነበር። እስክጨርስ ድረስ እጇ አላቆመም። ከዚያ ቀና ብላ «አንቱ ሰው፣ ያችን ድመት ያለ ኃጢአቷ ያስደበደቡኝ እርስዎ ነዎታ?» አለችኝ። አዎ አልሁ። ትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ከንፈሯም ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር። እሷ ግን «ልጄንም እንደ ድመቷ ነው ያደረጉት» አለች። ተነሥቼ ወረቀት ፈለግሁ።

እንግዲህ የነገሩ ፍርድ በእኔ ዘንድ ይህ ነው። የሰረቅኸው አንተ ነህ። እንድትሰርቀው ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ቋጠሮው ግን ያንተ አይደለም። ደጄን አልረግጥም ብለህ የማልኸው ባላጠፋኸው ጥፋት ነውና መሐላው አይይዝህም። ካስጨነቀህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እኔም ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ቀኖናውን ሰጥተውኝ እየሰገድሁ ነው፣ ጉልበቴም እንደ እናትህ ሊሆን ነው። ሦስት ክረምት እግርህ በርዶህ አድረሃል። ያን ብርድ ያበረድሁህ እኔ ነኝ። ውርጭ በወረደ ቁጥር ይህን አስባለሁ። የባሌ ተራራ ከአቡነ ዮሴፍ ይበርድ እንደሆነ እንግዳ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ይበርዳል ይላል፣ አንዳንዱ እኩል ነው ይላል። እኩል ነው የሚለውን አምናለሁ።

በዚህ ያለው ወሬ ብዙ አይደለም። እንግዳ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን አንድ ሁለት እያለ ይመጣል፣ እኔ ግን ከሁለተኛው ተረተር በላይ መውጣት ትቻለሁ። ትንፋሼ ያጥራል። በቅሎዋ አርጅታለች። አንተ ሁልጊዜ የምትቀመጥባት ከወይራው ሥር ያለችው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ እስከ ዛሬ በራሷ ትቆማለች። መጀመሪያ እደበድባት ነበር። አሁን እስክትሄድ እቆማለሁ። ሰብሌ ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ አለሜ ብለናታል፣ ሁለት ዓመት አልፏታል። «አጎትሽ የት ነው?» ሲሏት ባዶውን ኩላብ ትጠቁማለች። እኔ ስምህን በከለከልሁበት ቤት ከጀርባዬ ያስተማሯት እናትህና እህትህ ናቸው። ባወቅሁ ጊዜ ልቆጣ አስቤ ነበር። ሕፃኗ ግን እየደጋገመች ትጠቁማለች፤ እኔም የምታየውን እያየሁ ቁጣዬን ረሳሁት።

ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። በኅዳር ማብቂያ ለአጨዳ ይደርሳል፤ እጅ ያንሰናል። እጅ ስላነሰን ነው ና የምልህ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጽፌም ነበር፣ ወረቀቱን ቀደድሁት። በዚህ ደብዳቤ አንድ ጊዜ እውነት መናገር ጀምሬአለሁና እስከ መጨረሻው ልሂድ። ገብሱን ሰው እንጠራለታለን። ና። እናትህን ናፍቀሃታል። እኔንም ናፍቀኸኛል። ከዚህ የበለጠ እንድጽፍ አትጠብቅ፤ ይህንንም ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

መኝታውን ልታመጣው ትችላለህ፣ ልትተወውም ትችላለህ። ቢድንም ባይድንም ያንተ ነው። ዛሬ በዚህ ወረቀት ሰጥቼሃለሁ። ሌላ የሚያሞቅ መኝታ እስክታገኝ ደግሞ እናትህ የባዘተችው ጠጉር ባና ሆኖ ተሠርቷል፤ ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሀቢብ እሱንም ይዞልሃል። እግርህን በእሱ ጠቅልለህ ከላይ ላባውን ልበስ። ለሳልህም ሐኪም ቤት ሂድ፤ እንደ አባትህ በራሴ አውቃለሁ አትበል።

እናትህ ወለተ ሐና እያለቀሰች አይደለም፣ እንዳልጽፍ ነግራኛለች፤ ከእግርህ እስከ ራስህ ትስምሃለች። ሰብሌ «ጢሙን ተላጭቶ ይምጣ፣ ሕፃኗ ትደነግጣለች» ብላሃለች። አለሜ ከታች በኩል እጇን በከሰል ቀብተን ያተምነውን አሻራ ልካልሃለች፤ ግማሹን ወረቀት ያበላሸችው እሷ ናት። አሰለች ሰላም ብላሃለች፤ ያን ቀን በመሳቋ እንደምታፍርም ንገርልኝ ብላኛለች። ሀቢብን ሻይ ጋብዘው፤ ከእኔ ጋር ብዙ ተከራክሯል።

አሁን የቀረኝን ልጨርስ። ስትመጣ በፊት ለፊቱ በር ግባ። እኔ «እንደምን ገባህ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» እልሃለሁ፤ አንተም ስለ መንገዱ ትነግረኛለህ። ይቅርታ ልጠይቅ ብለህ ጉልበቴ ላይ እንዳትወድቅ፤ እኔም አልወድቅብህም። ስለ መኝታው፣ ስለ መውሰድህም፣ ስለ ቅቤውም በዚህ ወረቀት የጻፍሁትን ጽፌአለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ አልመልስም። እናትህ ብታነሣው ከቤት እወጣለሁ። አንተ ብታነሣው አልሰማሁህም። ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አልናገርም።

አባትህ ገብረመስቀል

ብልባላ፣ ላስታ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.